አንድ ዓይናው መነኩሴ

ጸጸራት ሰፈር ያለው ቤታችን አንድ ጃፓናዊ መነኩሴ ገብቶ ነበር ብል ማን ያምነኛል? ገብቷል ግን። ቁመቱ ስንዝር፣ መልኩ ቀይ፣ እጅም እግርም የለው። ያመጣው ቃኘው፣ የአሜሪካኖቹ ጦር ሰፈር፣ ወጥ ቤት የሚሠራው አጎቴ ነው። ቀድሞ ጃፓን የነበረ አንድ አሜሪካዊ ወታደር አገሩ ሲገባ ሰጠው፤ እሱ ደግሞ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሲደርስብኝ ለእኔ።

እኔ ከጃፓኖች የማውቀው ሲኒማ ቤት ያየኋቸውን ባለጎራዴዎች ብቻ ነው፤ እነሱም ጣሊያንኛ ነበር የሚናገሩት። አጎቴ ወታደሩ የነገረውን አስረዳኝ። ይሄ አሻንጉሊት ግድግዳ እያየ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጦ ሲጸልይ እግሩን ያጣ የቡድሃ መነኩሴ ነው። ዓይኖቹ ባዶ ናቸው። ስትመኚ አንዱን ትስያለሽ፣ ምኞትሽ ሲሞላ ሁለተኛውን። እዚያ አገር ተማሪውም ባለሱቁም ይገዛዋል አሉ።

"ካልሞላስ?" አልኩት።

"አንድ ዓይና ሆኖ ይቀራላ፣ ምን ይደረግ።"

በሬን ዘግቼ በእስክሪፕቶ ግራ ዓይኑን ሳልኩ። ምኞቴ ፈተናውን አልፌ አዲስ አበባ ሄጄ ዩኒቨርሲቲ መግባት ነበር። ሒሳቡ አላስጨነቀኝም። ያስጨነቀኝ አማርኛ ነው፤ ፌዴሬሽኑ ሲፈርስ ትምህርት ቤታችን ገብቶ ቁጭ ያለው፣ ቤታችን ግን ማንም የማይናገረው አማርኛ። ለእናቴ ምንም አልነገርኳትም። አባቴ ከሞተ ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ ትቼሽ ልሄድ ነው ለማለት አፌ እሺ አላለኝም።

እናቴ አሻንጉሊቱን ስታይ አማተበች።

"ጓለይ፣ ልጄ፣ ይሁዳን ቤቴ አስገባሽ?"

አልፈረድኩባትም። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ላይ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል፤ እንደ ይሁዳ ያለ ኃጢአተኛ ነው በጎን ተስሎ አንድ ዓይን የሚቀረው። እሷ ፊደል ባትቆጥርም ይሄን ታነባለች። መነኩሴ መሆኑን፣ እግሩም በጸሎት መጥፋቱን ስነግራት ጎንበስ ብላ አየችው። ቆሞ ሲጸልይ እግሩ የተሰበረ ጻድቅ እኛም አለን፤ በየወሩ ትዘክረዋለች።

"ታዲያ በመነኩሴ ዓይን እንዲህ ያለ ነውር ይሠራል?" አለች።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ መነኩሴው በሁለት ዓይኑ አፈጠጠብኝ። ሁለተኛውን ዓይን እናቴ በኩሏ ስላዋለች፤ እኔ ከሳልኩት ይበልጣል፣ ቅንድብም ጨምራለታለች።

አበድኩ። "ገና ሳልፈተን! አዲስ አበባ መሄዴን አበላሸሽብኝ!"

አመለጠኝ። እናቴ የኩሉን ብልቃጥ እንደያዘች ቆማ ቀረች። "አዲስ አበባ?" አለች። እኔም አፈርኩ፣ ግን ይቅርታ አልጠየቅኩም፤ ያኔ አንገተ ደንዳና ነበርኩ።

አለፍኩ። አማርኛውን ለጥቂት፣ ግን አለፍኩ። መነኩሴው በእናቴ ዓይን አልተቆጣም ማለት ነው።

የምሄድ ቀን ጠዋት ሻንጣዬ ውስጥ ልከተው ፈለግኩት። ከማርያም ሥዕል አጠገብ ተቀምጧል፤ እንደገና አንድ ዓይና ሆኗል። የምኞቱን ነገር ከአጎቴ ሰምታ፣ እኔ የሳልኩትን ዓይን በሎሚ ፈትጋ አጥፍታዋለች። የቀረው የእሷ የኩል ዓይን ነው።

"ይሁዳ አደረግሽው እኮ" ብዬ ላሾፍባት ሞከርኩ።

ነጠላዬን አስተካከለችልኝ። "ይሁን" አለች። "እስክትመለሺ እችለዋለሁ።"