መምህሬ ስንት ናቸው?

ከላሊበላ የወጣሁ ለት ምሽት፣ የሕግ ትምህርት ቤቱ መምህሬ ከዩኒቨርሲቲው ድረስ በአውቶቡስ ተጉዘው አባቴ ቤት መጡ። ለአባቴ፣ ሕግም ይሁን ዳዊት፣ ያስተማረ ሁሉ የኔታ ነውና «ኧረ ይግቡ የኔታ፣ ብርድ ላይ አይቁሙ» አሉ። የኔታ ግን ከደጃፉ አላለፉም። «ፖሊሶች ቢሮዬ ድረስ መጥተው ፈልገውሃል። እዚህም አይቀሩም። አሁኑኑ ውጣ» አሉኝ።

ወንጀሌን ላስረዳ። ከምርጫው በኋላ ተማሪ ሲታፈስ የኔታ ግቢው በር ላይ ቆመው «የፍርድ ቤት ማዘዣ ይዛችኋል?» ብለው ጠየቁ። እኔ ረዳታቸው ነበርሁና ከኋላቸው ሆኜ ራሴን ነቀነቅሁ። እሳቸውን ለመንካት ከባድ ነው፤ የሀገሩ ዳኛ ግማሹ ተማሪያቸው ነው። የተፈለገው ነቅናቂው ነው።

ትምህርት ቤታችን በመምህራኑ የታወቀ ነበር። የውል ሕግ መምህራችን ቤት የሚከራዩት ያለ ውል ነበር። የሕገ መንግሥት መምህራችን የመሰብሰብ መብትን የሚያስተምሩት በሩን ዘግተው ነው። የኔታ የማስረጃ ሕግ ነበር የሚያስተምሩን፤ «ምስክር ያየውን ይናገር፤ አይጨምር፣ አይቀንስ» ይሉን ነበር።

የሱዳንና የሊቢያን መንገድ አልተርክም። የሄደበት ያውቀዋል፣ ያልሄደበት ብምልም አያምነኝም። ብቻ ስዊድን ደረስሁ። የላስታ ብርድ ጨዋ ነው፣ ፀሐይ ስትወጣ ቦታ ይለቃል። የዚህኛው ፀሐይዋንም አያስገባም። ሰዉ ደግሞ አንቱታን አያውቅም፤ ሕፃኑም ሚኒስትሩም «ዱ» ነው፣ «አንተ» እንደማለት።

ጥገኝነት ስጠይቅ ቃሌን የተቀበለችኝ ሴትዮ ደግ ነበረች። አስተርጓሚው እዚያው ያደገ የሀገሬ ልጅ ነው፤ አማርኛው ከእናቱ ጓዳ ወጥቶ አያውቅም።

«መምህሬ መጡ፤ ውጣ አሉኝ» አልሁ።

«ስንት ነበሩ?» አለች ሴትዮዋ።

«አንድ።»

«መጡ ብለሃል እኮ።»

«አዎ፣ መጡ።»

«ስንት ሆነው?»

«ብቻቸውን።»

አስተርጓሚው ይህንንም «እነሱ ብቻ» ብሎ ተረጎመላት። ሴትዮዋ ብዕሯን አስቀምጣ ውሃ ጠጣች።

ቃሌ እርስ በርሱ ይጋጫል ተብሎ ጥያቄዬ ውድቅ ሆነ። ይግባኝ አልሁ። አስተርጓሚ ቀይሩልኝ ብል ሌላ የአማርኛ ሰው የለም ተባልሁ። ልጁ ራሱ ኮሪደር ላይ ጠብቆ «ወንድሜ፣ መጣ በልና ተገላገል። አለዚያ ይመልሱሃል» አለኝ። ቀላል ነገር ይመስላል። አፌ ግን እምቢ አለኝ፤ በቃሌ የኔታን «እሱ» ብያቸው አላውቅማ።

የይግባኙ ቀን ሲቃረብ ደወልሁላቸው። ጉዳዩን ስነግራቸው ስቀው ሲያበቁ ልክ እንደ ክፍል ውስጥ ድምፃቸውን ጠረጉ።

«በል ተለማመድ። ማን መጣ?»

«የኔታ መጡ።»

«ውድቅ። እንደገና።»

«የኔታ መጡ።»

«ልትመለስ አምሮሃል መሰል።»

አምሮኛል። የላስታን አፈር በሕልሜ እረግጣለሁ። ግን የሚጠብቀኝን እሳቸውም እኔም እናውቃለን። ዓይኔን ጨፈንሁ።

«አስተማሪው መጣ» አልሁ።

«ምን አለህ?»

«ውጣ አለኝ።»

«ሌላ ሰው አብሮት ነበር?»

«አልነበረም። ብቻውን ነበር።»

እንባዬ መጣ።

«አዎ» አሉ፣ «ብቻዬን ነበርሁ።»