ፀጉር የሚያቆም አምሮት

ዓመቱ 2017 ነው፤ ወሩ ነሐሴ። ከመካነ ሰላም በታች ያለው መንደራችን ከጠዋት ጀምሮ ጉም ለብሷል፤ ዝናቡ ግን ቆሟል።

ልጅ ሳለሁ፣ ያኔ፣ እንዲህ ባለው ክረምት ኩራዙ ሳይለኮስ በፊት አጎቴ የኩበቱን ፍም በእንጨት እየቆሰቆሰ ተረት ያወራልን ነበር። ከሁሉም በልቤ የቀረው የአንድ ደግ ገበሬ ተረት ነው። ሰውየው ከወንድሙ ጋር ገብሳቸውን ከምረው እንደጨረሱ ድንገት የራስ ፀጉሩ እንደ ጃርት ቆመ። የወንድሙን ክምር ማቃጠል አማረው፤ አቃጠለውም። አልተጣሉም፤ ቅናትም አልነበረበትም። እስኪሞት ድረስ «ለምን?» ሲሉት የሚመልሰው አጣ።

«ሰይጣን ነዋ» አለች እህቴ።

«በሰይጣን አታላክኪ። እሳቱን የለኮሰው ማን ሆነና?» አላት አጎቴ።

ጭሱ ዓይኔን እየለበለበኝ ያንን ሰው ፈራሁት። ያስፈራኝ እሳቱ አልነበረም፤ ሰውየው እንደኛው ያለ ሰው መሆኑ ነበር።

ትናንት፣ ከተማ ተምራ ለክረምት የመጣችው ልጄ መጽሐፍ ስታነብ ቆየችና ቀና አለች።

«አባባ፣ እንግሊዞች ካፕሪስ የሚሉት ድንገት የሚመጣ፣ ምክንያት የሌለው አምሮት ነው። መነሻው ጣሊያንኛ ነው። ራስና ጃርት ከሚሉ ቃላት የተገጠመ ነው ይላሉ፤ ድሮ በድንጋጤ ፀጉር መቆም ማለት ነበር። በኋላ በቋንቋቸው ስሟ ከሚመስለው ከፍየል ዝላይ ጋር አያይዘውት ነው ትርጉሙ የቀለለው።» ሳቀች። «እንዲህ ያለው አምሮት እርስዎ ደጅ እንኳ አይደርስም።»

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በጉም፣ በጎረቤቴ በሰይድ ማሳ ዳር ሳልፍ ፀጉሬ ቆሞ ነበር። ሰይድ ያኔ ታሞ ተኝቶ ነበር። የማሳዎቻችንን የወሰን ድንጋይ አቀፍኩና ሁለት እርምጃ ወደ እሱ ማሳ አስገባሁት። መሬት አልጠበበኝም፤ ሰይድንም እወደው ነበር። በማግሥቱ ልመልሰው አሰብኩ፤ ሰው ያየኛል ብዬ ተውኩት። ሰይድ ሞተ፤ ከቀባሪዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። መሬት ለኪዎች መጥተው ከድንጋዩ ጀምረው ሲለኩ ገመዱን የያዝኩላቸውም እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ጉም በወረደ ቁጥር ማሳው ውስጥ የሰይድን ሳል እሰማለሁ።

ድንጋዩን ያነሳሁት በአንድ ትንፋሽ ነው፤ እሱን ካፕሪስ ይበሉት። ለአሥራ አንድ ዓመት ዝም ማለቴ ግን ምክንያት ነበረው። ስሜ እንዳይጠፋ ፈርቼ ነው።

ዛሬ ጠዋት ወደ ሰይድ ሚስት ወደ ፋጡማ ሄጄ ነገርኳት። ጎመን መቀንጠሷን አላቆመችም።

«አሁኑኑ ሄጄ ልመልሰው» አልኳት።

«በጉም ወስደህ በጉም ልትመልስ? አይሆንም ጌታው። ፀሐይ ሲወጣ፣ ሽማግሌ ባለበት፣ ልጆቼም ልጆችህም ቆመው እያዩ ትመልሳለህ። ያደረግኸውንም በአፍህ ትናገራለህ።»

እሺ አልኳት። በየቤታቸው ዞሬ ሽማግሌዎቹን ለእሁድ ጠራሁ። ቤት ስገባ ልጄ አሁንም ታነባለች። በሰው ፊት ከምትሰማው እኔው ቀድሜ ልንገራት ብዬ መጽሐፏን አስዘጋኋትና አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት።