የማይረጋ ደም

እጅጉ ገራዡ በስተእርጅናው የሰው ነገር አንገፍግፎት ነበር። ከቡሬ እስከ ወጀት፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም እስከሚሏት ከተማ ድረስ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሱ እጅ ያልተገረዘ ወንድ የማን ቤት ልጅ ነው? በስምንተኛው ቀን ጠዋት ይጠሩታል፤ ምላጩን በአረቄ አጥቦ ይቆርጣል፣ ቅቤ ይቀባል፣ ጠላውን ጠጥቶ ይሄዳል። ልጁ አድጎ፣ አግብቶ ሲወልድ ደግሞ የሱን ልጅ ይገርዛል። በዚህ ሁሉ ዘመን «አበጀህ» ያለው ሰው ቢቆጠር አምስት አይሞላም። አንድ ሕፃን ደሙ አልቆም ብሎ ሞተ በተባለ ጊዜ ግን አገር ምድሩ ስሙን አነሣ።

የሞተው የሀብትነሽ የበኩር ልጅ ነው። ቁስሉ እንደ ማንኛውም ሕፃን ቁስል ነበር፤ ደሙ ግን አመድ ቢነሰንሱበት፣ በጨርቅ ቢያስሩት፣ ጸበል ቢረጩት አልረጋ አለ። ልጁ በሦስተኛው ቀን ነጥቶ አረፈ። ቆይታ ሁለተኛ ወንድ ወለደች። ያንን የደምበጫው ገራዥ ተስፋው ገረዘው፤ እሱም እንደ ወንድሙ ሆነ። እንግዲህ ሁለት እጅ፣ ሁለት ምላጭ፣ አንድ ዓይነት ሞት። ሰው ከዚህ ምን ተማረ? ምንም! ሁለቱም ምላጭ ከቡሬ ገበያ የተገዛ ነው፣ ቡሬን ጣሊያን ይዟታል፣ ስለዚህ ጣሊያን የጎጃምን ወንድ ከሥሩ ሊጨርስ ምላጩን መርዞታል፣ እጅጉም ባንዳ ነው አሉ። እጅጉ በኩሩን በገረዘበት ወር በዚያው ምላጭ የገረዛቸው ዘጠኝ ሕፃናት ጡት እየጠቡ ሲወፍሩ የሚያይ ዓይን ጠፋ።

ይባስ ብለው አርበኞቹ ጫካ ድረስ አስጠሩት። አለቅየው ምላጩን ተቀብሎ እያገላበጠ ሲያሸት እጅጉ አንጀቱ አረረ። ከዚህ ከተቀመጣችሁት ውስጥ እኔ ያልገረዝሁት ካለ ይነሣና ይግደለኝ አላቸው። የተነሣ የለም። ሳቁና ለቀቁት፤ ባንዳ የሚለው ስም ግን ቀድሞት መንደር ገብቶ ጠበቀው።

ነገሩ ከወዴት እንደሆነ ለእጅጉ ከገባው ቆይቷል። አባቱም ገራዥ ነበር፤ ከመሞቱ በፊት አንድ ነገር አጫውቶታል። የሀብትነሽ እናት የእመት ወለተ ሐና ወንድም፣ ገና በስምንት ቀኑ፣ በእጅጉ አባት እጅ ተገርዞ ደሙ አልቆም ብሎ ነው የሞተው። እጅጉ ይህን ይዞ ቆጠረ። የወለተ ሐና ወንድም፤ ከዚያ የሴት ልጃቸው የሀብትነሽ ሁለት ወንዶች። ወንድ ልጃቸው ግን ተገርዞ ምንም አልሆነም፤ የሱንም ሦስት ወንዶች ልጆች እጅጉ ገርዟቸው ይኸው እንደ ጥጃ ይቦርቃሉ። ክፉው ነገር ሴቶቹን ራሳቸውን ሳይነካ በነሱ በኩል እየተሻገረ ወንዶቹን ይጥላል። ስሙ ምን እንደሆነ አያውቅም። መድኃኒቱም አንድ ብቻ ነው፣ አለመቁረጥ።

በሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት መስከረም ሲያልቅ የሀብትነሽ ታናሽ እህት ንግሥቴ ወንድ ወለደች። ባሏ ክንዱ ዱር ገብቷል። እመት ወለተ ሐና ተስፋውን ቢያስጠሩት ከዚያ ቤት ደጃፍ ዳግመኛ አልቆምም አለ። ታዲያ ወዴት ይሂዱ? ባንዳ ወዳሉት ወደ እጅጉ ላኩ። የሰው ዓይን አውጣነት እንዲህ ነው! እጅጉ ምላጩን ቤቱ ትቶ ባዶ እጁን መጣ።

ንግሥቴ መደቡ ላይ ሕፃኑን ታቅፋለች፣ ሀብትነሽ ከጎኗ ናት፣ የነፍስ አባታቸው ቄስ ኃይለ ሚካኤል በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። እጅጉ ይህ ልጅ አይገረዝም ሲል እመት ወለተ ሐና ሳቁበት። ንግሥቴን ከመዳራቸው በፊት የክንዱን ዘር ሰባት ቤት አስቆጥረዋል፤ ከአባት ወደ አያት፣ ከአያት ወደ ቅድመ አያት፣ ደም ፈስሶት የሞተ ሕፃን አልተገኘም። የሀብትነሽ ባል አጥንቱ መጥፎ ሆኖ ነው እንጂ የክንዱን ልጅ ምን ይነካዋል? በዚሁ ሒሳብ ያን ምስኪን ከሀብትነሽ አፋትተው አባርረውታል። እጅጉ ይህን ሲሰማ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ።

ወደ ቄሱ ዞሮ ያልተገረዘ ልጅ ክርስትና ይነሣል ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ቄሱ ብዙ ካሰቡ በኋላ አርባ ቀን ሲሞላው አምጡልኝ፣ አጠምቀዋለሁ አሉ። እመት ወለተ ሐና ግን የልጅ ልጃቸው ቆላፍ እየተባለ ሊሰደብ ነው ብለው መጮህ ጀመሩ። የእጅጉ ትዕግሥት እዚህ ላይ አለቀ።

«እመት፣ ወንድምዎ በምን ሞተ?» አላቸው።

ሴትዮዋ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

«የክንዱ አጥንት አይደለም። ያ ያባረራችሁት ሰውም አይደለም። በእናት በኩል ነው የሚመጣው፤ ከእርስዎ ወደ ሀብትነሽ፣ ምናልባትም ወደ ንግሥቴ። ይህ ልጅ ደኅና ሊሆን ይችላል። በምላጭ ልንሞክረው ነው?»

ሀብትነሽ ቀስ ብላ ወደ እናቷ ዞረች። «እማየ፣ ታውቂ ኖሯል?»

እመት ወለተ ሐና አለቀሱ። ወንድማቸው ሲሞት ለማንም እንዳይናገሩ እናታቸው አስምለዋቸው ነበር። ቢወራ ኖሮ እናንተን ማን ያገባችሁ ነበር አሉ፤ ወንድ ልጃቸው ደኅና ሲሆንም ያለፈ መስሏቸው ነበር። ንግሥቴ ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልላ ማንም አይነካውም አለች። ነገሩ በዚህ ተቆረጠ።

እጅጉ ልቡ ቅልል አለው። በዚያች ቤት ስሙን ያነሡት ሁሉ ዛሬ ይቅርታ ይሉኛል ብሎ ቆሞ ጥቂት ጠበቀ። ማንም አላለውም። እየተበሳጨ ወጣ። አጥሩ ጋ ሲደርስ ሀብትነሽ ከኋላው መጣች።

«አያ እጅጉ፣ ሁለተኛውን ልጄን ይግረዙልኝ ብየ ስለምንዎት እጄን አሞኛል ብለውኝ ነበር። አሞዎት ነበር?»

ሊዋሽ ይችል ነበር። ያን ጊዜ የአባቱ ወሬ ትዝ ብሎት ሳለ የሰው ቤት ሴቶችን ዘር በአደባባይ ማንሣት ነውር ነው፣ ለኔ ምን አገባኝ ብሎ ነበር። እጁ ጤነኛ ነበር፤ በማግስቱ የጎረቤት ልጅ ገርዞበታል።

«አላመመኝም» አላት።

ሀብትነሽ አልጮኸችም፣ አልረገመችውምም። «ያን ልጅ ስሙን ‹ደረሰ› ብየው ነበር» አለችውና ተመልሳ ገባች።