ኪቶ ላይ ቆመን የዋልንበት ቀን

ሳሎኑ ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። ካልጋሪ፣ ዶቨር ሰፈር የሚኖሩት ሽማግሌ፣ የቀድሞ አስተማሪ፣ ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ከበሩ አጠገብ ቆመዋል። እዚያው ካልጋሪ፣ ካስልሪጅ ሰፈር የሚኖረው የታክሲ ሾፌር ከእሳቸው በስተግራ፣ ከሶፋው ጀርባ። እኔ ከሁለቱ ኋላ፣ መስኮቱ ሥር። የልጅቷ አባት ፊት ለፊታችን ቆመው በሁለት እጃቸው ወንበር ያሳዩናል። ልጅቷ ወጥ ቤት ነበረች። የመጣንለት የወንድሜ ልጅ ግን ሆቴል ቀርቷል፤ ሽማግሌ ሲላክ ሙሽራ አብሮ አይሄድም።

ከምንኖርባት ካልጋሪ የልጅቷ አገር ኪቶ ድረስ የሄድነው ልጅቷን ለመጠየቅ ነው። የወንድሜን ልጅ ካልጋሪ፣ ሜይላንድ ሃይትስ ሰፈር ያሳደግሁት እኔ ነኝ። እሷን ያወቃት ካልጋሪ ስትማር ነበር። ትምህርቷን ጨርሳ አገሯ ገብታለች፤ ካልታጨች ወደ እኛ የሚመልሳት ነገር አልነበረም። ሦስተኛው ሽማግሌ ወገቡን ታሞ ስለቀረ ቁጥር እንዳይጎድል እኔ ተተካሁ። እንዳልናገር ግን ተነግሮኛል። አባትየው ከሥራ ጉዞ የተመለሱት በዚያው ጠዋት ነው፤ እኛ ደግሞ በማግስቱ ተመላሾች ነን። ያለን ያ ቀን ብቻ ነበር።

በእኛ ደንብ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ የመጣ ሽማግሌ ሳይሰማ አይቀመጥም፤ እህልም አይቀምስም። አባትየው ይህን ከየት ይወቁት? እንግሊዝኛቸውም ጥቂት ቃል ነው። ሽማግሌው በእንግሊዝኛ፣ «አንቀመጥም። መጀመሪያ ጉዳያችን ይሰማ» አሉ። አባትየው የያዙት አለመቀመጣችንን ብቻ ነው። እኛን አዩ፣ መስኮቱን አዩ፣ ፊታቸው በራ። ስልክ አነሱ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ደጅ ላይ ሚኒባስ ጡሩምባ ነፋ።

ልጅቷ እየሮጠች ከወጥ ቤት ወጥታ በእንግሊዝኛ ተናገረች። «አባቴ እንግዶቹ ከተማውን ለማየት ቸኩለዋል ይላል። እኔ አብሬ ሄጄ አስተረጉማለሁ!»

ሽማግሌው ኮፍያቸውን ደፍተው ወደ ሚኒባሱ ወጡ። ልጅቷን በልጅቷ አፍ መጠየቅ አይሆንም። እሷ ደግሞ ለጉብኝት የመጣን መስሏታል፤ መልስ ሳይገኝ እንዳይነግራት ልጁን ያስጠነቀቁት ራሳቸው ሽማግሌው ነበሩ።

ሚኒባሱ ውስጥ አባትና ልጅ ከፊት ተቀመጡ፤ እኛ ጋ በአማርኛ ክርክር ተነሣ።

«የባስ ወንበርስ ወንበር አይደለም?» አሉ ሽማግሌው።

«ጋሼ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ታክሲ ውስጥ ነኝ። ሺፍት ላይ ነው ይሉኛል እንጂ ተቀምጧል ያለኝ ሰው የለም» አለ ሾፌሩ።

«አንተ ደንብን ከሺፍት ጋር ታገናኛለህ?»

«እሺ ይቁሙ። ብሬክ ሲያደርግ ግን እኔ ላይ እንዳይወድቁ።»

ቆሙ። ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለነበር አንገታቸውን ደፍተው ብረቱን ይዘው ሄዱ። እኔ ከኋላ ተቀመጥሁ።

መጀመሪያ የሄድነው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ምድርን እኩል የሚከፍለው ቢጫ መስመር ወደተሠመረበት ቦታ ነው። አንድ እግሬን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ አደረግሁ። ከዚያ በሁለት እግሬ ዘለልሁት። ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። ተመልሼም ዘለልሁት። ልጅቷ አይታኝ እጄን ይዛ አብራኝ ዘለለች። እንደዚያ ከዘለልሁ ስንት ዓመት እንዳለፈኝ አላውቅም።

ከዚያ ወደ አሮጌው ከተማ ተመለስን። ጠባብ መንገድ፣ ዳገት፣ ቀይ የሸክላ ጣሪያ፣ ደወል በያለበት። አንዲት ቤተ ክርስቲያን ገባን፤ ከግድግዳ እስከ ጣሪያ በወርቅ ተለብጣለች። ዓይኔን የት እንደማሳርፍ ጠፋኝ።

«እትዬ» አለኝ ሾፌሩ በጆሮዬ፣ «ይህን እያየች ያደገች ልጅ የእኛን ልጅ ቀለበት ምን ትለው ይሆን?»

ምሳ ሰዓት አባትየው የድንች ሾርባ አስቀረቡ፤ አይብ ገብቶበት፣ አቮካዶ ተደርጎበት። እኛ ከገበታው አጠገብ ቆምን። አባትየው ግራ ተጋብተው ለልጃቸው አንድ ነገር ሹክ አሉ።

«ጾም ነው ወይ ይላል» አለች።

«ጋሼ፣ ነው ይበሉና ይገላገሉ» አለ ሾፌሩ በአማርኛ።

«ዋሽቼ ልጅ ልጠይቅ?» አሉ፤ ምራቃቸውን ግን ሲውጡ አይቻለሁ።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ክንፍ ያላት የማርያም ሐውልት የቆመችበት ኮረብታ ላይ ወጣን። ከተማው በሁለት ተራራ መካከል እንደ ወንዝ ረዝሞ ተኝቷል፤ መጨረሻው አይታይም። ነፋሱ ነጠላዬን ይጎትተዋል። አባትየው ሰዓታቸውን አዩ። ቀጥሎ ሚኒባሱ ወደ ሆቴላችን ሊመልሰን ነው።

«እንግዲህ ካልጋሪ ገብተን በደብዳቤ እንጠይቃለን» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው።

ደብዳቤ እስኪደርስ ልጅቷ ሥራ ይዛ እዚያው ትቀራለች። አጠገቤ ቆማ የቤታቸውን ጣሪያ በጣቷ ታሳየኝ ነበር።

«የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር ለአባትሽ ንገሪልኝ» አልኋት።

«ተይ አንቺ ሴትዮ!» አሉ ሽማግሌው።

«የመጣነው ከተማ ልናይ አይደለም በያቸው። ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን ልንል ነው የመጣነው።»

«እኔን?»

«አንቺን።»

«እሱ ያውቃል?»

«እሱ ነው የላከን። ከጠዋት ጀምሮ ሆቴል ይጠብቃል።»

እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። ወደ አባቷ ዞራ ብዙ ተናገረች። እሳቸው ተራ በተራ አዩን፤ ሽማግሌውን ረጅም ጊዜ አዩአቸው። አጭር ነገር መለሱ።

«ልጁ ራሱ የት ነው ይላል።»

«ደንባችን ነው፤ አይመጣም» አሉ ሽማግሌው።

እንደገና ተነጋገሩ። ልጅቷ ወደ እኛ ስትዞር ፊቷ ቀልቷል። «በእኛ ዘንድ የሚጠይቀው ልጁ ነው ይላል። እናንተን ወዷችኋል። ግን ሳይመሽ ልጁ ራሱ እዚህ ወጥቶ አባቴን ይጠይቅ፤ ከጠየቀ እሺ ይላል።»

«ሙሽራ ራሱን ሲያማልድ የት ታይቷል?»

«እዚህ ነዋ፣ ጋሼ!» አለ ሾፌሩ እጁን እያጨበጨበ። «እኔ ልሂድና ላምጣው?»

«እኔ እሄዳለሁ» አልሁ።

ልጅቷ ልትከተለኝ ነበር፤ አባቷ እጇን ያዙ። «እትዬ፣ ይፍጠኑ!» አለችኝ። ከመንገዱ ዳር ቢጫ ታክሲ ቆሞ ነበር። የሆቴሉን ካርድ ለቢጫው ታክሲ ሾፌር ሰጠሁትና ሄድሁ።