የድንኳኑ ካስማ

ሰቆጣ ከተመደብኩ ወዲህ እንደዚያ ክረምት ተናድጄ አላውቅም። የመጣሁት ከጎጃም ነው፤ የጤና ጣቢያው መድኃኒት ክፍል ያለው በኔ እጅ ነው።

ጣጣው የጀመረው በስልጠና ነው። ስለ መሠረተ ልማት የሳይበር ደኅንነት ሊያስተምሩን እንግዶች መጡና ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተተከለ። ተካዮቹ ካስማውን ሲመቱ መብረቅ ወደ መሬት የሚያወርደውን የመዳብ ሽቦ በጠሱት። ሮጬ ለኃላፊያችን ብነግረው «በጽሑፍ አቅርቢ» አለኝ። አቀረብኩ። «ለሚመለከተው» ብሎ መራው። የሚመለከተውም ለሌላ የሚመለከተው መራው። እኛም ከተበጠሰው ሽቦ አጠገብ ቆሎ እየቆረጠምን ጠላት በኮምፒውተር መብራት እንዴት እንደሚያጠፋ ተማርን።

እኔንም ስልጠናው ሞቅ አድርጎኝ ነበር መሰለኝ። ስኳር ያለባቸው አንድ የቅኔ መምህር ነበሩ። ኢንሱሊናቸውን እርጥብ አሸዋ ውስጥ በተቀበረ ማሰሮ ለዓመታት ሲያኖሩ አንድም ቀን አልተበላሸባቸውም።

«የኔታ፣ ማሰሮ እኮ ድሮ ቀረ። ማቀዝቀዣ እያለን!» አልኳቸው።

«አንቺ ካልሽ ይሁን ልጄ» አሉኝ። አንድ ብልቃጥ ትቼላቸው የቀረውን ሁሉ ወደ ጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣ ወሰድኩ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መብረቁ ወረደ። ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ የለም፤ በመብራት መስመሩ ገባ። ኮምፒውተሩ ተቃጠለ። ማቀዝቀዣው ግን የቅዝቃዜ መቆጣጠሪያው ብቻ ተበላሽቶ ያለማቋረጥ ሲሠራ ሰነበተ። ሰኞ ስከፍተው ኢንሱሊኑ በረዶ ሆኗል። አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይረባም።

ኃላፊያችን የተቃጠለውን ኮምፒውተር ሲያይ ፊቱ በራ። «ይኸው፣ የሰለጠንለት መጣ! የሳይበር ጥቃት ነው» ብሎ በስልጠናው የታደለውን ቅጽ ይዞ ከተፍ አለ።

ደሜ ፈላ። «መብረቅ ነው እኮ! ሽቦው ውጭ ተበጥሶ ይታያል!»

«መብረቅ ካልን፣ ሽቦውን ለምን አላስጠገናችሁም ይሉናል። ዝም ብለሽ ሙይና ፈርሚ።»

ቅጹን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት።

በማግስቱ የኔታ መጡ። የተፈጠረውን ነገርኳቸው። እንዲቆጡኝ ፈልጌ ነበር፤ አልተቆጡም። የያዙትን ብልቃጥ ወደ ብርሃን አነሱት። «ይቺ ለአራት ቀን ትሆነኛለች። ሌላው መቼ ይመጣል?»

«ዝናቡ የዘጋው መንገድ ሲከፈት ነው የኔታ።»

«እንግዲያስ አብቃቅቼ እወጋለሁ» ብለው ሄዱ። ከልኩ አሳንሶ መውጋት አደገኛ መሆኑን ስለማውቅ ለወረዳውም ለዞኑም ስደውል ዋልኩ። ሁሉም «በደብዳቤ ጠይቁ» አሉኝ።

በስምንተኛው ቀን ተማሪዎቻቸው በቃሬዛ አመጧቸው። ራሳቸውን አያውቁም፣ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። የመድኃኒት መኪናው የደረሰው በዚያው ቀን ረፋድ ላይ ነበር፤ ግማሽ ቀን ዘግይቶ ቢሆን አስከሬን ነበር የምንሸኘው።

ነፍሳቸው መለስ ሲል ቤታቸው ሄድኩ። አሸዋውን በውኃ አርጥቤ አዲሶቹን ብልቃጦች ማሰሮው ውስጥ ደረደርኩ። የኔታ ከመደቡ ላይ ሆነው እያዩኝ ነበር። «አሁንስ ማንም አይወስድብኝም?» አሉኝ። የማሰሮውን አፍ ከድኜ ዙሪያውን እርጥቡን አሸዋ ሞላሁበት።

ቢሮ ተመልሼ ቅጹን ከመሳቢያው አወጣሁ። «የጥቃቱ ምንጭ» ከሚለው ፊት ለፊት «የድንኳን ካስማ፣ ኃላፊያችንና እኔ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።