የአሮጌ ጀልባ ደንበኛ

ሰውዬው ዓባያ ሐይቅ ዳር ጀልባ በሚሸጠው በሚፍታ ደጅ መመላለስ ከጀመረ ክረምት አልፎ በጋ ገብቷል። በዚያ ሙቀት ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ይመጣል፤ ሱሪው ግን ሁሌም እስከ ጉልበቱ እርጥብ ነው። ዋጋ አይጠይቅም። ጣውላውን ኳ ኳ ያደርግና ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል። ደግሞ የሚያንኳኳው አዲሶቹን ሳይሆን ጥግ ላይ የተገለበጡትን አሮጌዎቹን ነው።

ሚፍታ ነገሩ አልጣመውም። ወይ የሌላ ነጋዴ ሰላይ ነው፣ ወይ እንከን ለቃሚ። ሰውዬው በመጣ ቁጥር መቅዘፊያዎቹን ወደ ውስጥ ያስገባል።

«አባባ፣ አዲሱን ቢወስዱ ምናለ? ለልጆችዎም ይተርፋል» አለው አንድ ቀን፣ ሊፈትነው።

ሰውዬው አዲሱን ጀልባ የተደገፈበትን እጁን እሳት እንደነካው ሰበሰበ። «እኔ አጥማጅ ነኝ፤ ልጆቼ ግን ጫኖ መንደር ሙዝ ነው የሚያለሙት። ዋና አይችሉም። ጀልባ ካገኙ ግን ሐይቅ መግባታቸው አይቀርም።»

ሚፍታ ይባስ ጠረጠረ። ጀልባ ሊገዛ መጥቶ ጀልባ የሚፈራ ምን ዓይነት ሰው ነው?

ቅዳሜ ዕለት ሰውዬው ሆዷ የጠቆረ፣ የተጣጣፈች ጀልባ መረጠ። «ይቺን።»

ሚፍታ ነገ ጣጣ እንዳይመጣበት በአካባቢው የነበሩትን ዓሣ አጥማጆች ለምስክር ጠራ። «ስሙልኝ! አባባ፣ ይቺ ከሁለት ዓመት አታልፍም። ኋላ አልነገርከኝም እንዳይሉ!»

ያ ስንት ወር ሙሉ የተቋጠረ ፊት ተፈታ። ሰውዬው የካፖርቱን ቁልፍ ከፈት አድርጎ ጠጋ አለው።

«እርግጠኛ ነህ ልጄ? ለልጆቼ አትተርፍም?»