የማይስት ድምፅ

መርሳ ላይ ሚኒባሱ ቆሞ የማንጎ ሽታ በመስኮት ሲገባ፣ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ያ የትምህርት ቤታችን የዘፈን ውድድር ነው።

አምባሰልን ከእኔ የተሻለ የሚዘፍን ልጅ አልነበረም። ማሲንቆ የሚያስተምሩን ሽማግሌ፣ ጋሽ ይማም፣ ራሳቸው "አንቺ ዝንፍ አትይም" ይሉኝ ነበር። ጓደኛዬ ዘይነባ ግን ቅኝቱን ትስታለች፤ ትንፋሽም ያጥራታል። አባቷ የተቀበሩት በዚያው ሰሞን ነበር።

እኔ ዘፍኜ ስወርድ ሰዉ በወጉ አጨበጨበልኝ። ተራው የዘይነባ ሲሆን ጋሽ ይማም ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብለው፣ "አባትሽ እበሩ ላይ ቆሞ ይሰማሻል። በይ መድረኩ ላይ ውጪ" አሏት። ገና ሁለተኛው ስንኝ ላይ ድምጿ ተሰበረ። ሴቶቹ በሻሻቸው ጫፍ እንባቸውን ጠረጉ። ሽልማቱን እሷ ወሰደች።

"ጋሼ፣ የሳተችው እሷ አይደለች እንዴ?" አልኳቸው በንዴት።

"ስታለች። አንቺ ምንም አልጎደለብሽም ልጄ፤ ችግርሽም እሱ ነው። ያልጎደለበት ሰው ምን ብሎ ይዘፍናል?"

ቤት ስደርስ አባቴ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ማንጎ ይበላል፤ ጭማቂው በክርኑ ይንጠባጠባል። ትልቁን ለእኔ ልጦ አስቀምጦልኛል።

"አሸነፍሽ?" አለኝ እየሳቀ።

እንዲያ ጤነኛ በመሆኑ ጠላሁት።

እሱን ከቀበርን ዓመት ሊሞላን ነው። ዛሬ ሚኒባሱ ከመርሳ ሲነሳ ያንኑ አምባሰል ለራሴ አንጎራጎርኩት። አንድም ቦታ አልሳትኩም።